ኮዱ የዘለላቸው ሕፃናት

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የተውኩት ረስቼው አይደለም። ራሴን ደህና ሰው አስመስዬ የማቀርብበት መንገድ ስላጣሁ ነው። አሁን ግን መንገዱን መፈለግ ትቼ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ሲሆን፣ በስታቲስቲክስ ስመረቅ ሥራ ሳልይዝ አገሬ መግባቱን ፈራሁት። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ዓመት ከምናምን ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ በላይኛው ሰፈር ሴቻ ቢሮ ያለው አንድ የሕፃናት አመጋገብ ፕሮጀክት በመረጃ ባለሙያነት ቀጠረኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ማንም ሳይፈልገኝ ቆይቼ ስለነበር፣ እንደምፈለግ ለማሳየት ቸኩዬ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በጋሞ ደጋ ላይ ባለችው በገረሴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየወሩ ትንንሽ ሕፃናትን ይመዝኑና ክብደቱን ወደ እኛ ቢሮ ይልካሉ። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ግራፍ ሠርተን፣ በወረቀት አትመን እንመልስላቸዋለን። መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ ልጁ እያደገ ነው። ወደ ታች ከታጠፈ የጤና ሠራተኛዋ እናትየዋን ትጠራለች፣ አልሚ ምግብ ትሰጣለች፣ ከባሰም ሆስፒታል ትልካለች። ወረቀቱ ጌጥ አልነበረም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ግራፎቹን የሚሠሩት ጋሽ ጫሮ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው የጋሞ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና አንድ ልጅ ይከፍታሉ፣ ቁጥሩን ያስገባሉ፣ መስመሩን ይሠራሉ፣ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ይከፍታሉ። ወሩን ሙሉ ይፈጅባቸዋል። መሀል ላይ ደግሞ ስልክ ያነሡና በጋሞኛ ረጅም ወሬ ይይዛሉ፣ ይስቃሉ፣ በእርሳስ የሆነ ነገር ይጽፋሉ። እኔ በልቤ፣ 'ይሄ ሁሉ ጊዜ የሚሄደው በወሬ ነው' እል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንቴ ኮድ ጻፍኩ። ነገሩ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን፣ 'ከመጀመሪያው ልጅ ጀምር፣ ክብደቱን በዕድሜው ላይ ሣል፣ ስሙን ከላይ ጻፍ፣ በመለያ ቁጥሩ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ' ትሉታላችሁ። ከአራት መቶ በላይ ልጆች ነበሩን። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ያልቃል ብዬ አስነሣሁት።

አላለቀም። አሥራ ምናምነኛው ልጅ ላይ ቆመ፤ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። የትውልድ ቀኑ ባዶ ነበር። ቀኑ ከሌለ ዕድሜ የለም፣ ዕድሜ ከሌለ ደግሞ ግራፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ያንን ልጅ በእጄ አውጥቼ እንደገና አስነሣሁት። ትንሽ ሄዶ ሌላ ልጅ ላይ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ተናደድኩ። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ትርጉሙ ባጭሩ 'ስህተት ካጋጠመህ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው እለፍ' ነው። ከዚያ በኋላ ሳይቆም ሄደ። ፎልደሩ በግራፍ ሲሞላ እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሥራ አስኪያጁ ባልደረቦቼን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። ጋሽ ጫሮም አጨበጨቡ። ሰው ሲበተን ወደ ጠረጴዛዬ መጡና፣

"ጎበዝ ልጅ ነህ። ቀን የሌላቸውን ግን እንዴት አደረግካቸው?" አሉኝ።

"ኮዱ ራሱ ያስተካክላቸዋል፣ ጋሽ ጫሮ።"

"እንዴት አድርጎ? የት ጠይቆ?"

"አያስቡ፣ ተስተካክሏል።"

ትንሽ አዩኝና ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እንግዲህ ይህችን ንግግር ያዙልኝ። ስንት ግራፍ እንደወጣ አልቆጠርኩም ነበር። ሆን ብዬ ዋሸሁ ለማለት ይከብደኛል። ያላየሁትን ነገር እንዳየሁት ሆኜ ተናገርኩ። በሳምንቱ ጋሽ ጫሮ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ፣ ግራፉ የእኔ ሆነ።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። በአራተኛው፣ ሐምሌ ላይ፣ እናቶች ወረቀት ሲቀበሉ ፎቶ አንሥተህ ና ተባልኩ። ጋሞኛ ስለማልችል ጋሽ ጫሮ አብረውኝ እንዲሄዱ ታዘዙ። ጠዋት ከሴቻ ተነሥተን ወደ ገረሴ ወጣን። ታች የነበረው ሙቀት ቀስ በቀስ ቀርቶ ጉም ውስጥ ገባን። ሐምሌ ደጋው ላይ ክፉ ወር ነው፤ ያለፈው እህል ያልቃል፣ ገብሱ ገና አልደረሰም።

ጤና ኬላው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የጤና ሠራተኛዋ ታደለች ጥቅሉን ከእኔ ተቀብላ በረንዳው ላይ ስም መጥራት ጀመረች። እናቶች እየወጡ ወረቀታቸውን ይቀበላሉ፣ መስመሩን በጣታቸው ይከተላሉ። እኔ ፎቶ አነሣለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ጥቅሉ አለቀ። ሰዉ መበተን ጀመረ። አንዲት እናት ግን ከግድግዳው ጥግ አልተነቃነቀችም። ልጇን በፎጣ አዝላለች። ለታደለች በዝግታ አንድ ነገር ተናገረች፤ ታደለችም እየሳቀች መለሰችላት። ጋሽ ጫሮ ግን አልሳቁም።

"ምን አለች?" አልኳቸው።

"የልጄ ወረቀት የታለ ትላለች። እናትየዋ አስቴር ትባላለች። ሦስት ወር ሙሉ ስሜ አልተጠራም ነው የምትለው።"

"ታደለችስ ምን መለሰች?"

ጋሽ ጫሮ ወደ ታደለች ዞሩ። "አንቺ ንገሪው።"

"ያንቺ ልጅ ደህና ነው አልኳት" አለች ታደለች። "ወረቀት የማይመጣላቸው ክትትል የማያስፈልጋቸው ደህናዎቹ ናቸው አይደል? እንደዚያ መስሎኝ ለሁሉም እንደዚያ ስል ነበር።"

ስንት ግራፍ እንደወጣ አለመቁጠሬ ያኔ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ጫሮ እናትየዋን በጋሞኛ አነጋግረው ልጁን አስወረዱ። ሳየው ቀለል አለኝ። ፊቱ ድብልብል ያለ፣ እግሮቹ የሞሉ ልጅ ነው። "ወፍሯል እኮ!" አልኩ። እናቱም እንደገባት ዓይነት ፈገግ አለች። ታደለች ግን ተንበርክካ የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጫነችና ቆይታ ለቀቀችው። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ፤ አልሞላም። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ አንድ ቦታ ያያል።

"ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ውኃ ነው። ቁንጣን አይደለም፣ ረሃብ ነው የነፋው" አሉ ጋሽ ጫሮ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ላፕቶፔን አግዳሚው ላይ ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሳትኩ። የልጁ ክብደት ተመዝግቧል፤ ታደለች በየወሩ ልካዋለች። የትውልድ ቀኑ ቦታ ግን ባዶ ነው። ጋሽ ጫሮ እናቱን ጠየቋት፤ ሁለት ቃል አልፈጀባትም።

"አምና ሁዳዴ ጾም ሲገባ ነው የወለድኩት ትላለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት። ጻፍ።"

ጻፍኩት። ግራፉ ወጣ። መስመሩ ትንሽ ወደ ላይ ሄዶ ታጠፈ፤ ሁለት ወር ሙሉ ወረደ፣ በመጨረሻው ወር ደግሞ ድንገት ሽቅብ ዘለለ። የዘለለው እብጠቱ ነው። ሁለቱ ወር፣ አንድ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ በቂ ጊዜ ነበር።

"እኔ መዝኜ እልካለሁ" አለች ታደለች። ድምጿ ተለወጠ። "መቶ ልጅ ነው የምመዝነው። የቀነሰውን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ እኮ።"

ጋሽ ጫሮ ያኔ የጠየቁኝን ጥያቄ አልደገሙትም። "ስንት ናቸው?" ብቻ አሉኝ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ግራፍ የሌላቸውን ለየሁ። ሃያ ሦስት ስም ወጣ። የሃያ ሦስቱም የትውልድ ቀን ባዶ ነው። ስሞቹን ታደለች በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ እያነበበች፣ "ይቺ ቤቷ ነው የወለደችው... ይቺም ቤቷ... ይሄም" አለች። ያኔ ገባኝ። ጤና ጣቢያ የተወለደ ልጅ ቀኑ ይመዘገባል። ኮዴ የዘለላቸው ጤና ጣቢያ ለመድረስ መንገዱ የራቃቸውን ሰዎች ልጆች ነበር። ከሁሉም በፊት መታየት የነበረባቸውን ለይቶ ዘለላቸው። ጋሽ ጫሮ በስልክ ያወሩት የነበረው ወሬ ይኸው ነበር፦ ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ገብስ ሲታጨድ ነው ወይስ ሲዘራ።

አስቴርንና ልጇን በፕሮጀክቱ መኪና ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ላክናቸው። ታደለች ለሌሎቹ ጤና ኬላዎች እየደወለች ስሞቹን አስጻፈች። በዚያ ቀበሌ የቀሩን ስድስት ቤቶች ናቸው። መኪና የለም፤ ቢኖርም መንገድ የለም። ሦስታችን በእግር ተነሣን።

የመጀመሪያው ቤት ልጁ በር ላይ ዶሮ ሲያባርር አገኘነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ቤት አንዲት ሴት ልጅ የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ቀዩ፣ የአደጋው ምልክት ላይ ቆመባት። አያቷ አዝለዋት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ኬላ ወረዱ። አራተኛው ቤት ስንደርስ ዝናቡ ጨለማ አደረገው፤ ልጁ ከሲታ ነው ግን ይስቃል። እያንዳንዱ በር ጋ ስንደርስ እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ጋሽ ጫሮ ሰላምታ ሲሰጡ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ እሰማለሁ። ቋንቋውን አላውቀውም። የሕፃን ድምፅ አለበት የለበትም፣ እሱን ብቻ ነው የምሰማው። በመንገድ ጋሽ ጫሮ አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞረው ክፉ አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አምስተኛውን አየን፤ ደህና ነበር። አንድ ስም ቀረ። ጽዮን ዳና።

"ወንዙ ማዶ ናቸው" አለች ታደለች። "እኔ ከመዘንኩ በኋላ አርባ ምንጭ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ከትናንት ወዲያ ነው የመጣሁት። በዚህ ወር ለመመዘን አልመጡም። ውኃው ሞልቶባቸው ነው ብዬ ነበር።"

ወንዙን ተሻግረን ወጣን።

ቤቱ እንሰት መሀል ነው። አንድ ሰው ደጅ ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ የልጅቷ አባት፣ አቶ ዳና። ጋሽ ጫሮ ሰላምታ ሰጡ። መልሱ አጭር ነበር። ታደለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትርጉም አላስፈለገኝም።

ጽዮን ከተቀበረች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል።

ወደ ውስጥ አስገቡን። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች፤ እስክንወጣ ድረስ አልዞረችም። አቶ ዳና ለእኛ መቀመጫ ሰጥተው ራሳቸው ቆሙ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ምን አሉ?"

"ወረቀቷን አመጣችሁ ወይ ይላሉ።"

ጋሽ ጫሮን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው እንዲናገሩልኝ፣ ወይ የሆነ ነገር ፈጥረው እንዲሸፍኑልኝ ፈለግሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አንተ ንገራቸው፣ ልጄ። እኔ እተረጉማለሁ።"

ነገርኳቸው። ለአንድ የደጋ ገበሬ ስለ ኮድ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም ነበር፤ ስነግራቸው ግን ቀላል ሆነ። "የልጆቹን ሁሉ መስመር የሚሥል ማሽን አለኝ። ልደቱ ያልተጻፈ ልጅ ሲያጋጥመው ይቆምብኝ ነበር። እኔ እንዳይቆም አደረግሁት። ጽዮንን ዘለላት። ሦስት ወር ሙሉ ዘለላት። እኔም አላየሁም።"

አቶ ዳና ቀና ብለው ጠየቁኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ እንዲያው ማወቅ የፈለገ ሰው አጠያየቅ ነው።

"ማሽኑ ሰው ሲዘል ድምፅ የለውም ወይ? ይላሉ" አሉ ጋሽ ጫሮ።

"ነበረው" አልኩ። "ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ጫሮ ተረጎሙት። አቶ ዳና ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጋሽ ጫሮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉኝ፦

"ቀኑን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር ነው የሚሉት። መስቀል በዋለ በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ከብቶቹ ሳይወጡ ነው የተወለደችው። ማን ጠየቀኝ? ይላሉ።"

ስንወጣ አልረገሙኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። ወንዙ ዳር ድረስ መጡ። ድንጋዩ ያንሸራትት ስለነበር፣ ጋሽ ጫሮንና ታደለችን ካሻገሩ በኋላ ተመልሰው የእኔንም ክንድ ያዙ። እጃቸው ሸካራ ነበር። ማዶ አድርሰውኝ ተመለሱ።

ከሃያ ሦስቱ የሞተችው ጽዮን ብቻ ናት። የአስቴር ልጅ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝቶ ዳነ። ሌሎች ሁለት ሕፃናትም ገብተው ወጡ። ጽዮን በጊዜ ብትታይ ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ? የጠየቅኳቸው ሐኪሞች "ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም" ብለውኛል። ልክ ናቸው። ግን አልጠቀመኝም።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱ ላይ "የቴክኒክ ችግር አጋጥሞ ተስተካክሏል" ብዬ እንዳልፈው ነገረኝ። እኔ የሃያ ሦስቱንም ስም፣ የጽዮንን ሞት፣ የጨመርኩትን መስመር ጭምር ጻፍኩ። ለድፍረት እንዳትቆጥሩልኝ፤ ሌላ ነገር ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ውሌ አልታደሰም። ጋሽ ጫሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደ ግራፉ ተመለሱ። የእኔን ኮድ አልጣሉትም፤ ቀን የሌላቸውን ልጆች ስም እንዲያወጣላቸው አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ስልክ መደወሉን እሳቸው ያውቁበታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን እንደምትሠሩ አላውቅም። ኮድ መጻፍ ላታውቁ ትችላላችሁ። ግን ሁላችንም ሥራችን ሳይቆም እንዲሄድልን ስንል ዝም ያሰኘነው ነገር ይኖራል። ደጋግሞ የሚጠይቅ ባለጉዳይ፣ "እንዴት አደረግከው?" የሚል ሽማግሌ፣ የማይሞላ ፎርም። እኔ ያን ቀይ ጽሑፍ ጠላቴ አድርጌው ነበር። ለካ ሲጮህልኝ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

አሁንም አርባ ምንጭ ነኝ፤ በሌላ ቢሮ፣ አሁንም ግራፍ በብዛት እሠራለሁ። ሰዎች አጥፍቶ የተጸጸተን ሰው ሲያጽናኑ "ከባድ ነገር ነበር፣ ከአቅምህ በላይ ነበር" ይላሉ። የእኔ ግን ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ከገረሴ በተመለስኩ ማግስት ኮዱን አስተካከልኩት። ሲጨርስ ስንት ልጅ እንደነበረ፣ ስንት ግራፍ እንደወጣ፣ የቀሩት እነማን እንደሆኑ በስማቸው እንዲጽፍ አደረግሁት። አራት መስመር ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።